የምርመራ ጋዜጠኝነትን በድሮ ጋዜጣ ለማስተማር ምን ልያዝ? (ደሴ፣ 10ኛ ክፍል)

ጦሳ፦
ሰላም መምህራን። የምርመራ ጋዜጠኝነት ለዴሞክራሲ ያለውን ድርሻ በድሮ ጋዜጦች ላስተምር አስቤያለሁ። ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ 60 ተማሪ፣ ኢንተርኔት የለም። ዋተርጌት (የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቅሌት) ብቻ ይበቃል?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አይበቃም መምህር። የወሎው ረሀብ ይቅደም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሀቡ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ነው። ከዚያ በፊትና በኋላ የአንድ አንድ ሳምንት ተከታታይ የአዲስ ዘመን እትሞች ይያዙ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ተከታታይ ካልሆነ «ጋዜጣው ዝም ብሏል» ማለት አይቻልም፤ ያላዩት እትም ላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል።

ዜናውን ብቻ ቆርጠው እንዳያመጡ። አንድ ወሬ የትኛው ገጽ ላይ፣ ከምን ሥር እንደተወሸቀ የሚታየው ሙሉው ገጽ ሲኖር ነው። ኤ4 ላይ ከተነሳ ፊደሉ አይነበብም፤ ገጹን ለሁለት ከፍለው ኤ3 ላይ ያስነሱት። ለስድስት ተማሪ አንድ ቅጂ ይበቃል።

ሦስት ቀለም እርሳስ ይስጧቸው፦ ቀይ ለተናጋሪው፣ ሰማያዊ ለታየው ሰነድ፣ አረንጓዴ የተወቀሰው ወገን ለሰጠው መልስ። እርሳሱ ከንባቡ በፊት ይታደል፤ አለዚያ ወሬውን መልሰው ይተርኩልዎታል እንጂ ማስረጃ አይፈልጉም። ባለሥልጣን ብቻ የተናገረበት ገጽ ቀይ በቀይ ይሆናል፤ ያኔ ምርመራ ምን እንደሚጎድለው ራሳቸው ያዩታል።

ሐይቅ ዳር፦
በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዋተርጌትን ያስገቡ፤ ግን ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱ። የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ተሰብሮ የተገባው ሰኔ 10 ቀን 1964፣ ኒክሰን ሥልጣን የለቀቀው ነሐሴ 3 ቀን 1966፤ ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967። አንድ ወር ገደማ ነው ልዩነቱ!

ተማሪዎች እዚህ ላይ «ጋዜጣ መሪ ያወርዳል» ብለው ይደመድማሉ፤ ስህተት ነው። ዋሽንግተን ፖስት የጻፈውን የሴኔት ኮሚቴና ፍርድ ቤት ተቀብለው ገፉበት፤ ኒክሰን በቢሮው የተቀዱትን የንግግር ድምፆች ያስረከበው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስላዘዘው ነው። እኛ ዘንድ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 የፕሬስ ነጻነትን ቢጽፍም ሳንሱር ነበር፤ ለውጡ የመጣው በወታደሩ አመፅ፣ በታክሲ ነጂዎችና በመምህራን አድማ ነው። «ጋዜጣው ካወጣው በኋላ ማን ተቀበለው?» የሚለውን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ የዴሞክራሲው ትምህርት እዚያ ላይ ነው ያለው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አንድ ነገር ልጨምር። የረሀቡን ፎቶ ግድግዳ ላይ አይለጥፉ። ደሴ ውስጥ የብዙ ልጆች ቤተሰብ ያንን ዘመን አይቶታል። ጽሑፉ ይበቃል፤ ስለ ምን እንደሚያነቡም በዋዜማው ይንገሯቸው። «አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ኑ» የሚል የቤት ሥራም በፈቃድ እንጂ በማርክ አይሁን።