ለአዲሱ ዘመቻ፦ ገጸ ባህሪ አፈጣጠር ላይ የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዲሱ ዘመቻ፣ ማለትም እያንዳንዳችን አንድ ገጸ ባህሪ ሆነን ጠረጴዛ ዙሪያ በንግግርና በዳይስ የምንጫወተው ተከታታይ ታሪክ፣ ሳይጀመር ለማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። ባለፈው ዘመቻ የገጸ ባህሪ ቅጾቻችን በቁጥር የተሞሉ ነበሩ። ጥንካሬ 16፣ ቅልጥፍና 14፣ የመሣሪያው ዝርዝር ሙሉ። ተዋጊው ማንን እንደሚወድ ግን ማንም አያውቅም። ታዲያ ገጸ ባህሪ ስንፈጥር ምን እንጠይቅ? ጻፉ፤ እኔ አጠናቅራለሁ።

የቅዳሜው ቡድን መሪ፦
መጀመሪያ፣ ረጅም ታሪክ ይቅር። አምስት ገጽ ጽፎ የሚመጣ ተጫዋች ትልቁን ጀብዱ ቤቱ ጨርሶት ነው የሚመጣው። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ግን ያልተዘጋ ነገር ይኑረው። «ወላጆቿን ዘንዶ ገደላቸው» ያለቀ ጉዳይ ነው። «ለዘንዶው በሩን የከፈተው ታላቅ ወንድሟ ነው ይባላል፤ እሷ አታምንም» ከሆነ ግን ታሪኩን ለምመራው ለእኔ ሥራ ሰጠችኝ። ወንድምየው የት እንዳለ ከዛሬ ጀምሬ አስባለሁ።

አዲሷ አባል፦
እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ጨዋታ መጽሐፍ የጠባይ፣ የእምነት፣ የቁርኝትና የድክመት ቦታ አለው አይደል? እሱ አይበቃንም?

የማክሰኞው ቡድን መሪ፦
ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ። አራቱም ጥሩ ናቸው። ችግሩ ብዙ ሰው ከመጽሐፉ ሠንጠረዥ በዳይስ ያወጣና ይረሳዋል። እኛ መሪዎችም ድክመቱን መስሎ ለተጫወተ ኢንስፒሬሽን (ዳይስ ሲጣል የሚጠቅም ሽልማት) መስጠቱን እንዘነጋለን። በ2024ቱ እትም ደግሞ ሠንጠረዦቹ ከነጭራሹ ተቀይረዋል።

እኔን የሚማርከኝ ፔንድራጎን ነው። ግሬግ ስታፎርድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው፣ የንጉሥ አርተር ባላባቶች ጨዋታ። እዚያ 13 ጥንድ ባሕርያት አሉ። ርኅሩኅና ጨካኝ፣ ለጋስና ራስ ወዳድ፣ ደፋርና ፈሪ እያለ ይሄዳል። የአንድ ጥንድ ድምር ሁልጊዜ 20 ነው። ርኅራኄህ 13 ከሆነ ጭካኔህ 7 ነው። ፈተና ሲመጣ ባለ 20 ጎኑን ዳይስ ትጥላለህ፤ ከቁጥርህ ካልበለጠ ያ ባሕርይ ያሸንፋል። ደጋግመህ የምታደርገው ነገር ደግሞ ቁጥሩን ራሱን ያንቀሳቅሰዋል። ከዓመት በኋላ ያው ባላባት ሌላ ሰው ሆኖ ታገኘዋለህ። 13 ጥንድ ለእኛ ይበዛል። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ጥንድ ይምረጥ።

የቅዳሜው ቡድን ተጫዋች፦
እዚህ ላይ አልስማማም። እስረኛውን ልማረው ወይስ ልግደለው የሚለውን ዳይስ ሊወስንልኝ አይገባም። ለዚህማ ምን ልጫወት መጣሁ?

የማክሰኞው ቡድን መሪ፦
ልክ ነህ። እንዲህ ብናደርገውስ? ዳይሱ ያወጣውን መቀበል ግዴታ አይሁን። እምቢ ካልክ ግን ቁጥሩ በአንድ ወደ መረጥከው ጎን ይሂድ። ምርጫው ያንተ ሆኖ ዱካ ይተዋል።

የቅዳሜው ቡድን ተጫዋች፦
በዚህ እስማማለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
አንድ ነገር በግልጽ ይጻፍልኝ። ገጸ ባህሪ መጫወት ድምፅ ለውጦ መናገር አይደለም። በመካከላችን ዝምተኞች አሉ። ትወና የሚችለው ብቻ ሲጨበጨብለት ሌላው ይሸማቀቃል። «ምንም አልናገርም። ኮቴን አውልቄ ለልጁ አለብሰዋለሁ» ያለ ተጫዋች ገጸ ባህሪውን አሳይቷል። መሪዎች ለዚህም እኩል ቦታ ይስጡ።

አዲሷ አባል፦
ይህን በማንበቤ በጣም ደስ ብሎኛል። ስለ ዝምድናስ? ባለፈው የሄድኩበት ጠረጴዛ ላይ ሁላችንም መጠጥ ቤት ውስጥ የተገናኘን እንግዶች ነበርን። እስከ መጨረሻው እንግዶች ሆነን ቀረን።

የቅዳሜው ቡድን መሪ፦
ዳንጀን ወርልድ የሚባለው ጨዋታ ባዶ ቦታ ያላቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ የጓደኛህን ገጸ ባህሪ ስም ትሞላባቸዋለህ። እኛም ሁለት እንጠይቅ። «የ... ውለታ አለብኝ» እና «... የሚደብቀኝ ነገር ያለ ይመስለኛል»። ይህ ግን ቤት አይሞላም። ጨዋታው ሳይጀመር አንድ ቀን ተቀምጠን ፊት ለፊት እንሙላው። ያን ቀን ምን ጠረጴዛው ላይ እንደማይነሳም እንነጋገር። በጦርነት ቤተሰቡን ያጣ ሰው መንደር ሲቃጠል መጫወት ላይፈልግ ይችላል። ምክንያቱን መናገር አይጠበቅበትም።

አስተባባሪ፦
ረቂቁ ይኸው፦ «ማኅበሩ ከአዲሱ ዘመቻ በፊት በየቡድኑ አንድ የዝግጅት ቀን ይይዛል። እያንዳንዱ ተጫዋች ቢበዛ ግማሽ ገጽ ታሪክ ከአንድ ያልተፈታ ጉዳይ ጋር ያመጣል። ሁለቱን የቁርኝት ዓረፍተ ነገሮች በጋራ ይሞላል፤ ሦስት የባሕርይ ጥንዶችም ይመርጣል። የማይነኩ ጉዳዮች ያለ ማብራሪያ ይከበራሉ። መሪዎች ንግግርንና ድርጊትን እኩል ያያሉ።» የቀረ አለ?

ገንዘብ ያዥ፦
ከሦስተኛው ጨዋታ በኋላ ማንም ሰው ያለ ቅጣት የባሕርይ ጥንዱን መቀየር ይችላል የሚል ይጨመር። ሰው ገጸ ባህሪውን የሚያውቀው ሲጫወት ነው።

አስተባባሪ፦
ተጨምሯል። ተቃውሞ ካለ እስከ ዓርብ ጻፉ፤ ከሌለ ለስብሰባው ይቀርባል። አዲሱን ቅጽ የማክሰኞው ቡድን መሪ ይንደፈው፤ የሕትመቱን ወጪ ገንዘብ ያዧ ትያዝልን።