ለጋራ ፕሮፖዛላችን፦ ከመተግበሪያው በፊት ወደ ሚዛኑ እንሂድ

አስተባባሪ፦
ሰላም አባላት። ማጠቢያ ጣቢያዎች ከገበሬው የሚገዙትን እሸት ቡና የሚመዘግበውን መተግበሪያ ረቂቅ ፕሮፖዛል ደጋግሜ አነበብኩት። ተደክሞበታል፣ እጃችሁ ይባረክ። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። ከምንጠይቀው ገንዘብ አብዛኛው ለሶፍትዌር ሥራ ነው። ማን ይገዛናል የሚለው በአንድ አንቀጽ ታልፏል። እኔ ቢገለበጥ እላለሁ። የመጀመሪያው ብር የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ለዚህ ነገር ይከፍሉ እንደሆነ ለማወቅ ይዋል። የእሸት ግዢው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ካመለጠን ዓመት መጠበቅ ነው። ኮድ ግን ክረምት ከበጋ ይጻፋል።

በሞባይል ገንዘብ መላኪያውን ኤምፔሳን አስቡት። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲሞከር ዓላማው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ዕዳቸውን በስልክ እንዲከፍሉ ነበር። ሰዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ ይላላኩበት ጀመር። ይህ ታይቶ በ2007 ገንዘብ መላኪያ ሆኖ ለሕዝብ ወጣ። ያ ሙከራ ባይኖር ይህን ከየት ያውቁት ነበር?

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ገብቶኛል። ግን ገንዘብ ሰጪዎች የሚታይ ነገር ይፈልጋሉ። ባዶ እጃችንን ሄደን «እናያለን» ብንል ማን ይሰማናል? ኤምፔሳ የተሳካለት ተሠርቶ ስለወጣ ነው።

አስተባባሪ፦
ያው ኤምፔሳ እ.ኤ.አ. በ2010 ደቡብ አፍሪካ ገብቶ በ2016 ተዘግቷል። ቴክኖሎጂው ተሠርቶ ያለቀ ነበር። እዚያ ግን ብዙ ሰው አስቀድሞ የባንክ ደብተር ነበረው። ተሠርቶ ማለቁ ብቻ አላዳነውም።

ከአጋሮ ያለችው አባል፦
ባለፈው ወቅት አንድ ማጠቢያ ጣቢያ ስመላለስ ያየሁትን ልንገራችሁ። ገበሬው ጆንያውን የሚያወርደው አመሻሽ ላይ ነው። እሸቱ በዚያው ዕለት መፈልፈል ስላለበት ሁሉም ይቸኩላል። ሚዛን ላይ ያለው ልጅ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል። ጸሐፊው ደብተር ላይ ያሰፍራል። ገበሬው ቁራጭ ወረቀት ተቀብሎ ኪሱ ይከታል። ጭቅጭቁ የሚመጣው በኋላ ነው፣ ወረቀቱና ደብተሩ አልገናኝ ሲሉ።

ረቂቁ ላይ ያለው ባለ ብዙ ገጽ መተግበሪያ እዚያ አይሠራም። የልጁ እጅ በእሸት ጭማቂ ተጣብቋል፣ ስክሪን አይነካም። ብዙው ገበሬ የያዘው ተራ ስልክ ነው። ኪሎውንና ዋጋውን የሚነግረው አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበቃዋል። እሱም በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይሁን። ረቂቁ ስለ ቋንቋ አንድም ቃል አላነሳም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ በዚህ ብቻ ልንወድቅ እንችላለን።

ሒሳብ ያዥ፦
ልጄ፣ ደግ ተናገርሽ። እኔ የምጠይቀው ከፋዩን ነው። ረቂቁ ገበሬውም ጣቢያውም ይከፍላሉ ይላል። ይህ አያስኬድም። በጭቅጭቅ ጊዜውንም ደንበኛውንም የሚያጣው የጣቢያው ባለቤት ነው፣ እሱ ይክፈል። ደግሞ በነፃ አንሞክር። ትንሽም ብትሆን ከመጀመሪያው ሳምንት በቴሌብር ያስገባ። «ጎበዞች፣ በርቱ» የሚለን ሰው ሞልቷል። ፍላጎቱ የሚታወቀው ለመክፈል እጁን ኪሱ ሲከት ነው።

የሶፍትዌር ባለሙያ፦
እሺ ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። ለሙከራው አዲስ ፕሮግራም አያስፈልግም። የኤክሴል ሠንጠረዥና የጅምላ መልእክት መላኪያ ይበቃል። ጸሐፊው እንደ ልማዱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ ከእኛ አንድ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያስገባ። ለገንዘብ ሰጪዎችም የሚታየው ይኸው ይሆናል፦ የከፈሉ ጣቢያዎች ዝርዝር። ግን ባይከፍሉስ?

አስተባባሪ፦
እሱንም በግልጽ እንጻፈው። አንቀጽ ሦስትን እንዲህ ብዬዋለሁ፦ «በአንድ የግዢ ወቅት በጥቂት ጣቢያዎች ላይ በክፍያ እንሞክራለን። ከመጀመሪያው ወር በኋላ ክፍያውን የሚያድስ ጣቢያ ከሌለ የሶፍትዌሩን በጀት አንነካም፤ ያገኘነውን ውጤት ለገንዘብ ሰጪው አቅርበን ሥራውን እናቆማለን።» የምትቃወሙ እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ። የአጋሮዋ እህታችን የመልእክቱን ቃል በአፋን ኦሮሞ ታዘጋጅ። ጋሼ፣ እርስዎ ለጣቢያዎቹ የምንጠይቀውን ዋጋ ያስቡልን። በጀቱን እኔ ከልሼ ዓርብ እልካለሁ።