ሼር ማድረጌ የጦርነት ፕሮፓጋንዳን ይነካዋል?

ጠያቂ፦ ጦርነት ሲነሣ የመንግሥት ቴሌቪዥን አንድ ይላል፣ ስልኬ ላይ የማየው ሌላ። ዝም ማለት ስላቃተኝ ሌት ተቀን ሼር አደርጋለሁ። ባለፈው ግን ጉድ ሆንኩ። አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ የሚያሳይ ቪዲዮ ለጠፍኩ፤ ለካ አርማ 3 ከሚባል የኮምፒውተር ጌም የተቆረጠ ነው! የነገረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ጌሙን ይጫወተዋል። ከዚያ ወዲህ እጄ ተሳሰረ። ለመሆኑ ልፋቴ ለውጥ አለው?

መልስ 1፦ አይዞሽ እህቴ፣ በዚያ ጌም ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ተሸውደዋል። ለውጥስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2022 የሩሲያ ጦር ከዩክሬኗ ከተማ ከቡቻ ሲወጣ መንገድ ላይ አስከሬን ታየ። ሞስኮ ከወጣን በኋላ የተቀነባበረ ድራማ ነው ብላ ድርቅ አለች። በመኪና እያለፉ የተቀረጸ ቪዲዮ ግን ነበር። ከሳተላይት ምስል ጋር ሲያስተያዩት አስከሬኖቹ እዚያው ቦታ ናቸው፤ ሳተላይቱ ያነሣቸው ደግሞ ወታደሮቹ ገና ከተማዋን ይዘው ሳለ ነው። መቶ ሺህ ሃሽታግ ይህን አይሠራም። ስለዚህ ኦሪጅናሉን ፋይል አስቀምጪ። በሜሴንጀር ሲላላክ የተቀረጸበት ሰዓትና ቦታ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። የቀራጩን ፊትና ድምፅ ግን ሸፍኚ፤ ሰው እንዳታስበዪ።

መልስ 2፦ እኔ ትንሽ እቃወማለሁ። የምንደግፈው ወገንም ይዋሻል እኮ። ብቻውን ብዙ የሩሲያ አውሮፕላን ጣለ የተባለለትን «የኪዬቭ መንፈስ» የሚሉትን ዩክሬናዊ አብራሪ ስንቱ አጨበጨበለት! በኋላ የዩክሬን አየር ኃይል ራሱ ተረት ነው አለ። ደግሞ ከውጭ ሆኖ መለጠፍ ቀላል ነው። ሩሲያ በማርች 2022 ስለ ጦሩ «ሐሰተኛ ወሬ» የሚያወራን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አውጥታለች። እዚያ አንድ ፖስት ማለት ምን እንደሆነ አስቢው።

መልስ 1፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሊቢያው አዛዥ መሐሙድ አል-ወርፋሊ ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ ማስረጃው ውስጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የተለጠፉ ቪዲዮዎች ነበሩበት። እህቴ፣ የጌሙን ቪዲዮ ዝም ብለሽ አጥፍተሽ አትለፊ። ተሳስቻለሁ ብለሽ ጻፊበት።

ጠያቂ፦ ጻፍኩ። ቪዲዮውን ሦስት መቶ ሰው ሼር አድርጎት ነበር። ማስተካከያውን ያጋራው እስካሁን አንድ ሰው ነው፤ እሱም ወንድሜ፣ ከሳቅ ኢሞጂ ጋር።