የሰማይ ድንጋይ «መታ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው?

ጥያቄ (የፊዚክስ መምህር፣ ጅማ)

ጤና ይስጥልኝ። ከሳይንስ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር ሰው፣ ቤት ወይም መኪና የመቱ ሜትዮራይቶችን (ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮችን) መዝግበን በትምህርት ቤታችን ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ እየተዘጋጀን ሳለ ክርክር ተነሣ። ገሚሱ እ.ኤ.አ. በ2013 በሩሲያዋ ቼልያቢንስክ ከ1,000 በላይ ሰዎች የተጎዱበት አደጋ መቅደም አለበት ሲል፣ ሌላው ደግሞ ሰዎቹን የጎዳቸው የመስኮት መስታወት እንጂ ድንጋዩ ስላልሆነ ይውጣ ይላል። መመዘኛችን ምን ቢሆን ይሻላል?

መልስ (የጂኦሎጂ ባለሙያ)

መምህር፣ እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። አለቱ በከፍታ ላይ ሲፈነዳ የፈጠረው የአየር ግፊት ሞገድ መስታወቱን በሰዎቹ ላይ ረጨባቸው እንጂ ድንጋይ አላረፈባቸውም። ሆኖም ከዚያው አለት አንዱ ስባሪ የቸባርኩልን ሐይቅ በረዶ በስቶ ገብቷል፤ በዚያው ዓመት ከ500 ኪሎ በላይ የሚመዝን ድንጋይ ከሐይቁ ወጥቷል። ስለዚህ በረዶው ይመዝገብ፣ ቁስለኞቹ ግን በሌላ ዓምድ ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1908 በሳይቤሪያ ቱንጉስካ በተመሳሳይ የሰማይ ፍንዳታ 2,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ደን ቢወድቅም፣ ከዚያ የመጣ መሆኑ የተረጋገጠ ድንጋይ ስላልተገኘ በዚህ መመዘኛ አይገባም። ድንጋዩ ራሱ መንካቱ፣ መገኘቱና መመርመሩ ሦስቱም መሟላት አለባቸው ባይ ነኝ።

መልስ (ሌላ አንባቢ)

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «መንካት» የሚለውን አታጥብቡት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 30 ቀን 1954 በአሜሪካ አላባማ፣ አን ሆጅስ ሶፋ ላይ ተኝታ ሳለ 4 ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ጣሪያውን በስቶ ገባና ሬዲዮ ላይ ነጥሮ ጎኗን በትልቁ አበለዘው። እ.ኤ.አ. በ1992 በኡጋንዳ ምባሌ አንድ ልጅ ጭንቅላቱ ላይ ያረፈበት ከ4 ግራም ያነሰ ጠጠርም በሙዝ ቅጠል በረድ ብሎ ነው የደረሰው፤ ልጁም አልተጎዳም። ሬዲዮውና ቅጠሉ መሀል ስለገቡ ብቻ ሁለቱን መሰረዝ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የምባሌው ደግሞ እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ የሆነ በመሆኑ ለተማሪዎችዎ ይበልጥ ይቀርባል።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1911 ግብጽ ናኽላ ላይ ውሻ ገደለ የሚባለውስ?

መልስ (የጂኦሎጂ ባለሙያ)

የናኽላ ድንጋዮች እውነተኛ ናቸው፣ ከማርስ የመጡ መሆናቸውም ታውቋል፤ የውሻው ነገር ግን ከአንድ ገበሬ ቃል በቀር ማስረጃ ስለሌለው «ይባላል» ተብሎ ይጻፍ። አንድ ነገር ልጨምር፦ በጅማ ዙሪያ ማግኔት የሚስብ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል፤ አብዛኛው ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ የምድራችን ድንጋይ) ነው። ተማሪ «ቆርቆሯችንን የመታው ይህ ነው» ብሎ ቢያመጣ በማግኔት ብቻ አትወስኑ። የቀለጠ ስስ ጥቁር ቅርፊት እንዳለው እዩ፤ ድንጋዩ ከወደቀበት ሳይነሣ ከተቀደደው ቆርቆሮ ጋር ፎቶ ይነሣ፤ በውኃም አይታጠብ።