ልጄ 14 ወሯ ነው፣ ፖፖ ላስለምዳት ወይስ ልቆይ?

ሰላም እናቶች። እማዬ ሰሞኑን ልትጠይቀን መጥታ «ይሄን ሁሉ ብር በዳይፐር ትጥያለሽ? እናንተን ሳትራመዱ ነው ያስለመድኳችሁ» እያለች ቁም ስቅሌን እያሳየችኝ ነው። ፖፖ ገዛሁ። ልጅት ጭንቅላቷ ላይ ደፍታው ትስቃለች። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ 1፦
እናትሽ ልክ ናቸው። እኔም ልጄን ከ7 ወሩ ጀምሮ ጠዋት ሲነቃና ጠብቶ ሲጨርስ እግሬ ላይ አስቀምጬ «ሽሽሽ» እለው ነበር። ካካውን ቶሎ ለመደ፣ ሽንቱ ግን እስከ 2 ዓመቱ ያመልጠው ነበር። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የለመድኩት እኔ ነኝ፣ ድንገት ዝም ብሎ ፊቱ ሲቀላ ተነስቼ እሮጣለሁ።

መልስ 2፦
እኔ ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። እዚህ ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ምልክት ጠብቂ ነው የሚሉት፤ 2 ሰዓት ያህል ሳትሸና ስትቆይ፣ ሱሪዋን ራሷ ለማውለቅ ስትታገል፣ የረጠበው ሲደብራት። እኔ አልሰማ ብዬ በ16 ወሯ በግድ አስቀመጥኳት። ካካዋን መያዝ ጀመረች፣ ድርቀት ያዛት፣ ሳምንቱን ሙሉ አብረን አለቀስን። ተውኩት። ከወራት በኋላ ራሷ ፖፖውን እየጎተተች መጣች። ሞክሪ፣ ግን እንዳትቆጫት።

መልስ 3፦
የማታውን ዳይፐር ብቻ አትንኪ። የሌሊቱ ሌላ ነገር ነው፣ የኔው 4 ዓመቱ ነው አሁንም ፍራሽ እናሰጣለን 😂

ጠያቂዋ፦
እሺ፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ እሞክራለሁ። እማዬማ ዛሬ እግሯ ላይ አስቀምጣት ግማሽ ሰዓት «ሽሽሽ» ስትል ቆየች፣ ምንም የለም። ልክ ስታነሳት ነጠላዋን አረጠበችላት።