በጥገኝነት ወረቀት ደሴ ሄጄ አባን ማየት እችላለሁ?

የቧንቧ ውሃዋ፦
ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። አሜሪካ ግሪን ካርድ ያገኘሁት በጥገኝነት ነው፤ 3 ዓመት ሆነኝ። የንስሐ አባታችን ደክመዋል። አንድ ዓይናቸው ማየት አቁሟል። በ2014ቱ ጦርነት ሰፈሩ ሲሸሽ እናቴ ከአልጋ መነሳት አትችልም ነበር። አባ ጥለዋት አልሄዱም። ማታ ማታ ውሃ በጄሪካን ተሸክመው ያመጡላት ነበር። ስታርፍ ፍትሐቷን ያደረሱት እሳቸው ናቸው። መቃብሯን የቆፈሩት ሦስት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ስልክ ስላልነበረ እኔ የሰማሁት ቆይቼ ነው። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ልመለስ። ለሁለት ሳምንት ብሄድ ችግር አለው?

ጋሽ ሀረጎ፦
እታለም፣ ቲኬት እንዳትቆርጪ። ጥገኝነት የጠየቅሽው «አገሬ ብመለስ ያሰጋኛል» ብለሽ ነው። ወደዚያው መሄድ፣ ያውም በኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ጥያቄ ያስነሳል። ግሪን ካርድ መያዝሽ ብቻውን አያድንሽም። በአይ-131 ፎርም የሚወጣው የጉዞ ሰነድም ለሌላ አገር እንጂ ለዚህ መተማመኛ አይሆንሽም። ካርድሽ ላይ ነዋሪ የሆንሽበትን ቀን እዪው። በጥገኝነት ላገኘ ሰው 1 ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው የሚጻፈው። ከዚያ ቀን 5 ዓመት ሲሞላ ዜግነት ትጠይቂያለሽ፤ 90 ቀን ቀደም ብለሽም ማስገባት ትችያለሽ። ያኔ ቢጫ ካርድ፣ ማለት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጥተሽ ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ። ለማንኛውም ጠበቃ አማክሪ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
ስለ ወረቀቱ አላውቅም። ስለ አባ ስትጽፊ ግን ሆዴ ባባ። አምና ኮምቦልቻ በአውሮፕላን ወርጄ የሀረጎን ዳገት ስንወጣ መስኮቱን ከፈትኩት። ያ ብርድ ፊቴን ሲነካኝ እንባዬ መጣ። የጦሳ ተራራ በጭጋግ ተሸፍኗል። አባን ያገኘኋቸው ጎንበስ ብለው የአንዲት አሮጊት ጫማ ሲያስሩ ነው። የእሳቸው ኮንጎ ጫማ ተረከዙ በሽቦ ተሰፍቷል። 200 ዶላር ባስጨብጣቸው «ለቆሎ ተማሪዎቹ ብርድ ልብስ ግዛበት» ብለው መለሱልኝ።

የበርበሬ ወንዙ፦
ከኮምቦልቻ ነው የምጽፈው። እህቴ አብሽሪ። እሁድ ደሴ እወጣለሁ፤ በቪዲዮ አገናኝሻለሁ። ጆሯቸው ደህና ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ዝናብ ሳይገባ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ አስቡበት። ቅዳሴ ላይ መቅረዙ አጠገብ ያንጠባጥባል። ስትልኩ በባንክ ይሁን። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ የባንኩ ምንዛሪ ከበፊቱ ይሻላል፤ በጥቁር ገበያ አትላኩ።

የሆጤ፦
ባለፈው ያዋጣነውስ የት ገባ? ቆርቆሮ ተብሎ ነበር፤ አንድ ሉህ አላየንም። ለአባ በእጃቸው ይሰጥ።

የሰኞ ገበያ ልጅ፦
በእጃቸው ብትሰጥ በማግስቱ ለሌላ ያከፋፍሉታል። እኔ አይቻለሁ። ጫማ ገዝተን በእግራቸው እናድርግላቸው።

ጋሽ ሀረጎ፦
ናይሮቢ ድረስ ብናመጣቸውስ? እሷም በጉዞ ሰነዷ ትሄዳለች።

የቧንቧ ውሃዋ፦
ጋሼ፣ አባ ፓስፖርት የላቸውም። ቢኖራቸውም ደብሩን ለአንድ ቀን አይለዩም። ጠበቃዋን ሰኞ አገኛታለሁ። ዜግነቱ እስኪደርስ ግን ይቆዩልኛል?

የሆጤ፦
እግዜር ያቆይልሽ እህቴ። የጣሪያውን ግን ደረሰኝ ሳላይ አልከፍልም።

የበርበሬ ወንዙ፦
ደረሰኙን እኔ ራሴ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ! ጣሪያው ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ 60 ሉህ ነው የሚፈልገው። ማን ይጀምራል?