የቡና ጭስን ከእሳት ጭስ የሚለይ ሞዴል ለደብረ ብርሃን ህንፃ

ጥያቄ፦ የጠባሴው ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጂ+4 ህንፃ በቴክኒሻንነት እሰራለሁ። ታች ሱቆች ናቸው፤ ከላይ ያሉት ክፍሎች ለተማሪዎችና ለፋብሪካ ሰራተኞች ተከራይተዋል። በየኮሪደሩ የጭስ አላርም አለ፤ ግን ቡና በተቆላና ዕጣን በተጨሰ ቁጥር ይጮሃል። በዓል ሲሆንማ ዝም የሚልበት ሰዓት የለም። ተከራዮቹ ስለተማረሩ የሶስተኛ ፎቁን ባትሪ አውጥተውታል፤ የሌሎቹንም ጩኸት ከቁም ነገር የሚቆጥር ሰው ጠፍቷል። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ኢኤስፒ 32 የሚባል ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ኤምኪው-2 የሚባል የጋዝና የጭስ ሴንሰር አያይዤ በየ10 ሰከንዱ ዳታ እሰበስባለሁ። «ቡና»፣ «ዕጣን»፣ «የከሰል ምድጃ»፣ «እሳት» ብዬ ለይቼ ሞዴል (ከዳታ ተምሮ የሚለይ ፕሮግራም) አሰልጥኛለሁ። የእሳቱን ዳታ ያገኘሁት ግቢ ውስጥ ካርቶንና ጨርቅ አቃጥዬ ነው። ሀሳቤ የመጀመሪያዎቹ ሶስቱ ሲሆኑ አላርሙ እንዳይጮህ ማድረግ ነው። ሞዴሉ 99 በመቶ ትክክል ነኝ ይላል፤ ልቤ ግን አላመነውም። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያን፣ ሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ባትሪ ዛሬውኑ መልሰው። ሞዴሉ እስኪደርስ ፎቁ ባዶውን ማደር የለበትም።

ቀጥሎ አላርሞቹን አውርደህ ጀርባቸውን እይ። የጨረር ምልክት ወይም «አሜሪሲየም 241» የሚል ጽሑፍ ካለበት አዮናይዜሽን የሚባለው ዓይነት ነው። እሱ ነበልባል ያለውን እሳት ቶሎ ይይዛል፤ ግን የማብሰያ ጭስ በቀላሉ ያስጮኸዋል። በብርሃን የሚሰራው ፎቶኤሌክትሪክ የማብሰያ ጭስን ይበልጥ ይታገሳል፤ ቀስ ብሎ የሚጨስ ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይም የተሻለ ነው። ከማብሰያው ያለውን ርቀትም ለካ፤ ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት። ዓይነቱንና ቦታውን በመቀየር ብቻ ከጩኸቱ ብዙው ሊቀንስልህ ይችላል።

መልስ፦ ዳታ ላይ የምሰራ፣ አዲስ አበባ

አለማመንህ ትክክል ነው። በየ10 ሰከንዱ ስትመዘግብ በቀን 8,640 ንባብ ይሰበሰባል። ከዚያ ውስጥ እሳት የሆነው ኢምንት ነው። ስለዚህ «እሳት የለም» እያለ የሚውል ሞዴልም 99 በመቶ ያገኛል። አንተ ማየት ያለብህ ካቃጠልካቸው እሳቶች ስንቱን እንደያዘ፣ በስንት ሰከንድ እንደያዘና በሳምንት ስንት ጊዜ በከንቱ እንደጮኸ ነው።

ሁለተኛ፣ ዳታውን ለስልጠናና ለፈተና የከፈልከው በዘፈቀደ ከሆነ ፈተናው ፈተና አይደለም። አንድ ቡና ሲቆላ 3ኛው ደቂቃ ስልጠናው ውስጥ፣ 4ኛው ደቂቃ ፈተናው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፤ ሞዴሉ ያንኑ ቡና ሁለቴ አየ። አንድን ሙሉ ክፍል ወይም አንድን ሙሉ ሳምንት ለይተህ አስቀምጥና በእሱ ብቻ ፈትን።

ሶስተኛውና ከባዱ፣ እሳትህ ሁሉ ከቤት ውጭ የተቃጠለ ነው። የኤምኪው-2 ንባብ በሙቀትና በእርጥበት ይለዋወጣል። የእናንተን ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ። ሞዴሉ የተማረው እሳትን ሳይሆን የግቢውን ቀዝቃዛ አየር ሊሆን ይችላል። ህንፃው ውስጥ ግን እንዳታቃጥል አደራ። ኒስት የሚባለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም እውነተኛ ቤቶች ውስጥ ፍራሽና ሶፋ እያቃጠለ የሙቀት፣ የጭስና የጋዝ ልኬት ሰብስቦ በነፃ ለቋል፤ በዚያ ጀምር።

በአንድ ሴንሰርም አይሆንም። በአየር ላይ ያለውን ብናኝ በሌዘር የሚቆጥር፣ የካርቦን ሞኖክሳይድና የሙቀት ሴንሰሮች ጨምር። ለሞዴሉ የምትሰጠውም የአሁኑን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ባለፉት 2 ደቂቃዎች በምን ፍጥነት እንደጨመረ ይሁን። ዕጣን ብናኙን ከፍ ያደርጋል፤ የክፍሉን ሙቀት ግን እምብዛም አይነካውም። እሳት ሲሆን ሶስቱም አብረው ይወጣሉ።

መልስ፦ ነርስ፣ ደብረ ሲና

ስለ ኮምፒውተሩ የሚያውቁት ይናገሩ። እኔን ያስደነገጠኝ «የከሰል ምድጃ» ሲሆን እንዳይጮህ አደርጋለሁ ያልከው ነው። ወንድሜ፣ እባክህ እንዳታደርገው።

በብርድ ጊዜ ሰው ማንደጃውን ክፍል ውስጥ አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ የበሩን ስር በጨርቅ ደፍኖ ይተኛል። ከሰሉ መጀመሪያ ይጨሳል፣ ከዚያ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ይጠፋል። ሰው «ጠራ» ብሎ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ያኔ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን አልጠፋም፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህንንም ሳያውቅ ያልፋል። ታፍነው የሚመጡ ሰዎችን ተቀብዬ አውቃለሁ። አንተ «የሐሰት ጩኸት» ብለህ የመዘገብከው፣ አላርሙ ሰው ለማትረፍ የጮኸበት ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ዳታ ላይ የምሰራ፣ አዲስ አበባ

እህቴ ያለችው ከእኔ ሁሉ ይበልጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ለሞዴል አትስጠው። የራሱ አላርም ይኑረው፤ መቼ እንደሚጮህም በቁጥር የተቆረጠ ይሁን። በአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 50291 መሰረት የተሰራ መሳሪያ ጋዙ 300 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 300 እጅ) ሲደርስ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይጮሃል፤ 50 ፒፒኤም ላይ ደግሞ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ውስጥ። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ግዛ፤ የሚተከለውም ሰው በሚተኛበት ክፍል ነው።

የጠባሴው ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ነርሷ ያሉት ፈጽሞ አልታየኝም ነበር። ታዲያ ሞዴሉን ምን ላውለው? ልተወው?

መልስ፦ ዳታ ላይ የምሰራ፣ አዲስ አበባ

አትተወው። ዝም የማሰኘት ስልጣን ብቻ አትስጠው። ዋናው አላርም እንደ ልቡ ይጩህ፤ ሞዴሉ ደግሞ ለጥበቃው ስልክ «2ኛ ፎቅ፣ በስተግራ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ነው» ብሎ ይላክ። ሰው ጩኸት ብቻ ሲሰማ ይሰለቻል፤ ቦታውን ሲያውቅ ሄዶ ያያል። ከኒስት ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒ-ፍላሽ የተባለ ሞዴልም ለዚህ ዓይነት ስራ ነው፤ የሙቀት ሴንሰሮች 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ከስራ ውጭ ሲሆኑ፣ የአጎራባች ክፍሎችን ንባብ ይዞ ክፍሉ በአንዴ የሚቀጣጠልበትን ቅጽበት ቀድሞ ለእሳት አደጋ ሰራተኞች ለመጠቆም ይሞክራል። እዚያም ሞዴሉ የአላርሙን ቦታ አልወሰደም።

መልስ፦ ኤሌክትሪሺያን፣ ሸዋ ሮቢት

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል፤ ሻማና ከሰል የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው። ሰሌዳውን በባትሪ ደግፈው፤ መልእክቱም በሲም ካርድ ይሂድ። የኤምኪው ሴንሰሮች ውስጣቸው ማሞቂያ ስላለ ባትሪ ይበላሉ፤ መብራት ከተመለሰም በኋላ እስኪሞቁ ድረስ ንባባቸውን አትመን፣ ለስልጠናም አታስገባው።